ያልተሠራው መርከብ፤ የመጫወቻ ኩባንያዎችና ነጋዴዎች አንዳንድ መጓጓዣዎችን ስለሚተዉበት ምክንያት የቀረበ ትችት

ስለ ልጆች መጫወቻ መመራመር ለኮሌጅ ተማሪ የማይገባ ሥራ መስሎ የሚታያቸው አንባቢዎች ሳይኖሩ አይቀሩም። እኛ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን እናየዋለን። አንድ ኅብረተሰብ ለልጆቹ ምን ሠርቶ እንደሚሰጥ ማወቅ ስለዚያ ኅብረተሰብ ጠባይ ብዙ ያስረዳል፤ ምን ሳይሠራ እንደሚተው ማወቅ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስረዳል። የተሠራውን ዕቃ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በሱቅ መስኮት ያየዋል፤ ያልተሠራውን ግን የሚያውቀው ፈልጎ ያጣው ልጅ ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአሜሪካ አገር ከፊልም ታሪክ ተቀድተው የሚሠሩትን፣ እጅና እግራቸው የሚንቀሳቀስ ትንንሽ አሻንጉሊቶችና አሻንጉሊቶቹ የሚሳፈሩባቸውን መጓጓዣዎች የሚመለከት ነው። ከእነዚህ መጓጓዣዎች አንዳንዶቹ በፊልሙ ውስጥ ጎልተው እየታዩ ለምን ሳይሠሩ ይቀራሉ? የተሠሩትስ ለምን ተለውጠው ይወጣሉ? በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ይኸውም «ገዢ የለውም» የሚል ነው። ይህ መልስ ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ግን ሰበብ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። በእኛ አስተያየት አንድ መጓጓዣ በአብዛኛው የሚቀረው ልጅ ስለማይፈልገው ሳይሆን፣ በልጁና በፋብሪካው መካከል የቆመው የነጋዴ መደርደሪያ ስለማይቀበለው ነው።

የቁመቱ ነገር

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከአሻንጉሊቱ ቁመት መጀመር ያስፈልጋል። ሃስብሮ የተባለው ኩባንያ በ1964 ጂ. አይ. ጆ የተባለውን ወታደር ሲያወጣ ቁመቱ 12 ኢንች ያህል፣ ማለት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበረ። ይህን ለሚያህል ወታደር ጂፕ መሥራት ይቻላል፤ አውሮፕላን መሥራት ግን ያስቸግራል፤ የጦር መርከብማ ከቶ የሚታሰብ አይደለም።

በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ የነበረው ኬነር የተባለው ኩባንያ በ1977 ለወጣው «ስታር ዎርስ» ለተባለው የጆርጅ ሉካስ ፊልም መጫወቻ ለመሥራት ፈቃድ ባገኘ ጊዜ ይኸው ችግር ፊት ለፊት ገጠመው። ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጠፈር መርከብ የሞላበት ነው። ጀግናው 12 ኢንች ከሆነ መርከቡ ከመኖሪያ ቤት በር አይገባም። ስለዚህ ኬነር የዋናውን ጀግና ቁመት 3¾ ኢንች፣ ማለት 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል አደረገው። በሌላ አነጋገር መርከቡ ለአሻንጉሊቱ ሲባል አልተሠራም፤ አሻንጉሊቱ ለመርከቡ ሲባል አጠረ እንጂ። በ1982 ሃስብሮም ቢሆን ጂ. አይ. ጆን በዚሁ አጭር ቁመት እንደ ገና አወጣው።

ይህን የምናስታውሰው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። አጭሩ ቁመት ራሱ በኩባንያውና በልጁ መካከል የቆመ ያልተጻፈ ውል ነበረ። ልጁ ትንሽ አሻንጉሊት የተቀበለው መርከቡ ተከትሎ ይመጣል በሚል ተስፋ ነው። ኬነር በ1977 የገና በዓል ደርሶ አሻንጉሊቶቹ ገና ከፋብሪካ ባልወጡ ጊዜ፣ በካርቶን የታሸገ የቃል ኪዳን ወረቀት ሸጦ በሚቀጥለው ዓመት አራት አሻንጉሊቶች በፖስታ ቤት እንደሚልክ ለልጆቹ ተስፋ እስከ መስጠት ደርሶ ነበረ። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ይያዝልን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

የተሠሩትም መርከቦች ቢሆኑ በትክክለኛው ልክ የተሠሩ አልነበሩም። 3¾ ኢንች የሆነ አሻንጉሊት ከእውነተኛ ሰው 18 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ሚሌኒየም ፋልከን የተባለችው የፊልሙ ዝነኛ መርከብ 35 ሜትር ያህል ርዝመት አላት ስለሚባል፣ በዚህ ሒሳብ መጫወቻዋ ወደ 2 ሜትር ሊጠጋ ይገባ ነበረ። ኬነር በ1979 ያወጣት ግን ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነበረች። ልጆችም ልኳ አልደረሰም ብለው አልጣሏትም። እንግዲህ «መርከቡ ትልቅ ስለ ሆነ አልተሠራም» የሚለው ምክንያት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ ይታያል። ትልቁን ማሳነስ ኩባንያው የሚያውቀው ሥራ ነው።

ብረትና ጊዜ

ይሁን እንጂ ለኩባንያው ወገን የሚቆም እውነት አለ፤ እርሱንም ሳናዳላ ማቅረብ ይገባናል።

መጫወቻ መሥራት የሚጀምረው ከፕላስቲክ ሳይሆን ከብረት ነው። የቀለጠው ፕላስቲክ በኃይል ተገፍቶ የሚገባበት የብረት ፎርማ አስቀድሞ መቀረጽ አለበት፤ ይህም ትልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅና ብዙ ሺህ ዶላር የሚፈጅ ሥራ ነው። ትንሽ አሻንጉሊት ጥቂት ክፍሎች ብቻ አሉት። መጓጓዣ ግን ቀፎ፣ ክንፍ፣ ወለል፣ መስኮት፣ የሚከፈት በርና የሚዞር መድፍ አለው፤ ለእያንዳንዱም ብረት መቀረጽ ይኖርበታል። የፎርማው ወጪ አንድ ሺህ ዕቃ ቢሸጥም መቶ ሺህ ዕቃ ቢሸጥም ያው ነው። ስለዚህ ወጪው የሚቀልለው ብዙ ሲሸጥ ብቻ ነው።

ኬነር ይህን ወጪ ለማቃለል አንዱን ፎርማ ደጋግሞ ይሠራበት ነበረ። ለምሳሌ ኤክስ ዊንግ የተባለውን ተዋጊ መርከብ በ1978 ካወጣ በኋላ፣ በዚያው ፎርማ በወጣ መርከብ ላይ የቃጠሎ ምልክት ያለባቸው ተለጣፊ ወረቀቶች ጨምሮ በውጊያ የተጎዳ ነው በማለት እንደ ሌላ ዕቃ ሸጦታል። አንዱ ብረት ሁለት ዕቃ ወለደ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ዘዴ የሚያገለግለው በየፊልሙ ደጋግሞ ለሚታይ መርከብ ነው። በአንድ ፊልም ውስጥ አንድ ጊዜ ታይቶ እዚያው ተቃጥሎ የሚጠፋ መርከብ ቅያሬ ልብስ የለውም።

ሁለተኛው እውነት የጊዜ ነገር ነው። የፊልም መጫወቻ እንደ ወቅት እህል ነው፤ ጊዜው ካለፈ አይበቅልም። ኩባንያው ለፊልሙ ባለቤት የፈቃድ ገንዘብ ይከፍላል፤ የብረቱንም ወጪ ፊልሙ ከሰው አፍ ሳይጠፋ መመለስ አለበት። ሦስተኛው ፊልም፣ «የጄዳይ መመለስ» የተባለው፣ በ1983 ወጣ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ፊልም የወጣው ግን በ1999 ነው። የኬነር አሻንጉሊቶችም በ1985 ወደ ማለቂያቸው ደረሱ። ስለዚህ በ1983 ለአዲስ ትልቅ መርከብ ብረት መቅረጽ ፀሐይ ስትጠልቅ መንገድ እንደ መጀመር ነበረ።

የመደርደሪያው ዳኝነት

እስከዚህ ድረስ የፋብሪካውን ችግር አየን። አሁን ደግሞ ወደ ቸርቻሪው ነጋዴ እንሂድ፤ በእኛ አስተያየት የነገሩ ቍልፍ ያለው እዚህ ነውና።

የነጋዴ መደርደሪያ በስንዝር የተለካ መሬት ነው። እያንዳንዱ ስንዝር በየሳምንቱ ምን ያህል ገንዘብ እንዳስገባ ይቈጠርበታል። በካርቶን ላይ የተለጠፉ አሻንጉሊቶች በቀጭን ብረት ላይ ተደራርበው ይሰቀላሉ፤ ልጅም በኪስ ገንዘቡ አንድ አንዱን ይገዛል። ትልቅ የመርከብ ሣጥን ግን የብዙ አሻንጉሊቶችን ቦታ ይዞ፣ አባትና እናት ለገና ወይም ለልደት እስኪወስኑ ድረስ ይቀመጣል። በዓሉ ሲያልፍ ያልተሸጠው ወደ መጋዘን ይገባል፤ ወይም ነጋዴው ዋጋውን ቀንሶ ከትርፉ ላይ ይከስራል። አንድ ጊዜ በትልቅ ሣጥን የተጎዳ ነጋዴ በሚቀጥለው ዓመት ከኩባንያው ሻጭ ጋር ሲነጋገር እጁን መሰብሰቡ አይቀርም።

የሚነጋገሩትም መቼ እንደ ሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለብዙ ዘመን በኒው ዮርክ ከተማ በፌብሩዋሪ ወር በሚደረገው የመጫወቻ ትርዒት ላይ ኩባንያዎች ናሙናቸውን ለመደብር ሹማምንት ያሳዩ ነበረ። ሹሙ ካዘዘ ዕቃው ይወጣል፤ ካላዘዘ ሐሳቡ በወረቀት ወይም በናሙና ይቀራል። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ልጅ የለም።

እንግዲህ «ገዢ የለውም» በሚለው አነጋገር ውስጥ «ገዢ» የተባለው ማን እንደ ሆነ አሁን ተገለጠ። ልጁ አይደለም፤ ወላጁም አይደለም። ለመደብሩ ዕቃ የሚያዝዘው ሹም ነው። ልጁ «አልፈልግም» ለማለት እንኳ ዕድል አላገኘም፤ ያልቀረበለትን ዕቃ እንዴት ሊነቅፍ ይችላል? ያልተጠየቀ ሰው እንቢ አለ ተብሎ ሲነገርበት ይህ ትልቅ የአስተሳሰብ ስሕተት ነው።

ተሳፋሪው ተሸጦ መርከቡ ሲቀር

ይህን ሐሳብ በአንድ ምሳሌ እናጽና። በ1983ቱ ፊልም ውስጥ ጃባ የተባለ የወንበዴዎች አለቃ በአሸዋ በረሃ ላይ የሚንሳፈፍ ትልቅ ባለ ሸራ መርከብ አለው። ጀግኖቹ ለሞት የሚወሰዱት በዚህ መርከብ አጠገብ ነው፤ የሚድኑትም በእርሱ ላይ ተዋግተው ነው፤ በመጨረሻም መርከቡ በእሳት ይጠፋል። ከፊልሙ ታላላቅ ትርዒቶች አንዱ ይህ መሆኑ አያጠራጥርም።

ኬነር ከ1983 እስከ 1985 የጃባን ቤተ ሰዎች በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ቁጥር አወጣ። ጃባ ራሱ ከነመደቡ ተሸጠ። አሽከሩ ቢብ ፎርቹና፣ ዘበኞቹ፣ ዊክዌይ፣ ክላቱ፣ ኒክቶ፣ ባራዳ፣ ዘፋኞቹ ሳይቀሩ ተሸጡ። መርከቡ ብቻ አልተሸጠም። ኮርቻውን፣ ልጓሙንና ግላሱን ሸጦ በቅሎዋን እንደ ማስቀረት ነው። ልጁ በየሳምንቱ አንድ አንድ እያለ የሰበሰባቸው ተሳፋሪዎች የሚሳፈሩበት አጥተው በወለል ላይ ተደርድረው ቀሩ።

በመርከቡ ፋንታ የቀረበው ምን ነበረ? ኬነር ከ1981 ጀምሮ በዋጋቸው ዝቅ ያሉ ትንንሽ መጓጓዣዎች ያወጣ ነበረ። ኤም ቲ ቪ ሰባት፣ ፒ ዲ ቲ ስምንት፣ ኢንት አራት የሚሉ ስሞች ነበሯቸው። እነዚህ መጓጓዣዎች በፊልሙ ውስጥ አይታዩም፤ ለመደርደሪያውና ለዋጋው ልክ ሲባል በኩባንያው የተፈጠሩ ናቸው። በ1984 ከዚሁ ወገን አንዲት ትንሽ ባለ ሸራ የበረሃ ጀልባ ወጣች። ስሟና ሸራዋ የጃባን መርከብ ያስታውሳል፤ ነገር ግን ያ መርከብ አይደለችም። ጠያቂው እንጀራ ቢል ፍርፋሪ እንደ ተሰጠው ይቈጠራል።

ከዚህ የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። ኬነር በ1979 በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ የሌለ የወታደር ማጓጓዣ ፈጥሮ ሸጦ ነበረ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2014 በተጀመረው «ሬብልስ» በተባለው የሥዕል ፊልም፣ ቀጥሎም በ2019 በወጣው «ማንዳሎሪያን» በተባለው የቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ይኸው ማጓጓዣ ታየ። ለመደርደሪያ ሲባል የተፈጠረው ዕቃ በታሪኩ ውስጥ ገባ፤ በታሪኩ ውስጥ የነበረው መርከብ ግን ከመደርደሪያ ላይ አልደረሰም። የነጋዴ መደርደሪያ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለንም።

የሰባት ጫማው መርከብ

አንድ ተቃዋሚ «ትልቅ መርከብ በዚያ ዘመን መሸጥ አይቻልም ነበረ» ይለን ይሆናል። ለዚህ መልሱ ከዚያው ዘመን ይገኛል። በ1985 ሃስብሮ ለጂ. አይ. ጆ ወታደሮቹ ዩ. ኤስ. ኤስ. ፍላግ የተባለ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አወጣ። ርዝመቱ ከ7 ጫማ በላይ፣ ማለት ከ2 ሜትር የበለጠ ነበረ። ልጅ እግሩን ዘርግቶ ሊተኛበት የሚችል መጫወቻ በሱቅ ተሸጧል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ስለ ምን ተቻለ? ልዩነቱ በልጆቹ ፍላጎት ላይ አይደለም። ጂ. አይ. ጆ የሃስብሮ የራሱ ንብረት ነው፤ ለፊልም ባለቤት የፈቃድ ገንዘብ አይከፈልበትም። ታሪኩም በቴሌቪዥንና በሥዕላዊ መጽሔት በየጊዜው ይቀጥል ስለ ነበረ፣ ከአንድ ፊልም ጋር ተወልዶ ከዚያው ፊልም ጋር አይሞትም። በዚህ ላይ መርከቡ የዕቃው ሁሉ ሰንደቅ ሆኖ ሌሎቹን አውሮፕላኖች ያስሸጥ ነበረ፤ በላዩ የሚያርፍ አውሮፕላን የሌለው ልጅ መርከቡን አይቶ አውሮፕላኑን መመኘቱ አይቀርምና። ስለዚህ ትልቅ መጓጓዣ የሚሠራው ኩባንያው ባለቤትና ባለ ጊዜ ሲሆን ነው፤ ተከራይና ጊዜ ያጠረው ሲሆን ይተወዋል። ይህ በእርግጥ ምክንያት ነው። ነገር ግን የኩባንያው ምክንያት እንጂ የልጁ ምክንያት አይደለም።

መጓጓዣዋን የተነጠቀችው ጀግና

እስካሁን የተናገርነው ስለ ብረትና ስለ ስንዝር ስለ ሆነ፣ አንባቢ ነገሩ ሁሉ የሒሳብ ጉዳይ ነው ብሎ እንዳይደመድም አንድ ሌላ ዓይነት ምሳሌ እንጨምራለን። መጓጓዣ ሲቀር ብቻ አይደለም፤ ተሠርቶም ነጂው ሲቀር ይታያል።

በ2015 የወጣው ሁለተኛው የ«አቬንጀርስ» ፊልም ውስጥ ብላክ ዊዶው የተባለችው ሴት ጀግና ኩዊንጀት ከተባለው አውሮፕላን በሞተር ብስክሌት ላይ ሆና ወደ ሶል ከተማ መንገድ ትወርዳለች። ሃስብሮ ይህን አውሮፕላንና ይህን ሞተር ብስክሌት ሠራ። ፎርማው ተቀርጿል፤ ሣጥኑም በመደርደሪያ ላይ ቦታ አግኝቷል። በሞተር ብስክሌቱ ላይ የተቀመጠው ግን ካፒቴን አሜሪካ የተባለው ወንድ ጀግና ነበረ። በዚያው ፊልም ውስጥ የሚጫወተው ማርክ ሩፋሎ ሳይቀር ለሴቶች ልጆቹና ለዘመዶቹ ሴቶች ልጆች የብላክ ዊዶው ዕቃ በብዛት እንዲሠራ በአደባባይ ለምኗል።

እዚህ ላይ የብረት ወጪ ምክንያት ሊሆን አይችልም። የሴትዮዋን አሻንጉሊት ለመጨመር የሚያስፈልገው ብረት ለመርከብ ከሚያስፈልገው ጋር የሚወዳደር አይደለም። የቦታም እጥረት ምክንያት አይሆንም፤ ሣጥኑ ያው ሣጥን ነውና። የቀረው ምክንያት የሣጥኑ መደርደሪያ የወንዶች ልጆች መደርደሪያ ነው የሚለው ልማድና፣ ወንድ ልጅ የሴት አሻንጉሊት አይገዛም የሚለው ግምት ነው። ግምቱም ራሱን በራሱ እያጸደቀ ይኖራል። ያልቀረበ ዕቃ አይሸጥም፤ ያልተሸጠውም «ገዢ የለውም» ተብሎ ደግሞ አይቀርብም። ከዚህ የምንረዳው መደርደሪያው መጠን ብቻ ሳይሆን አስተያየትም እንዳለው ነው።

ከ35 ዓመት በኋላ

አሁን ወደ ጃባ መርከብ እንመለስ። ኬነር በመካከሉ ቶንካ በተባለው ኩባንያ እጅ ገብቶ ነበረ፤ ሃስብሮም በ1991 ቶንካን በገዛ ጊዜ የኬነርን ንብረት ወረሰ። በፌብሩዋሪ 2018 ሃስብሮ ያንን ያልተሠራ መርከብ፣ ኬታና በሚለው ስሙ፣ ሃስላብ በተባለ አዲስ ዘዴ አቀረበው። ዘዴው እንዲህ ነው። ኩባንያው ናሙናውን ያሳያል፤ ገዢዎች በተቈረጠ ቀን ውስጥ በኢንተርኔት ይመዘገባሉ፤ ቁጥሩ ከሞላ መርከቡ ይሠራል፤ ካልሞላ ይቀራል። ዋጋው 500 ዶላር፣ የሚያስፈልገው ቁጥር 5,000 ገዢ ነበረ። የተመዘገቡት 8,810 ሆኑ። ይህም በሒሳብ ሲታይ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ከ4 ጫማ የሚበልጠው መርከብ በ2019 ለገዢዎቹ ደረሰ።

የጊዜውን መገጣጠም ልብ ማለት ይገባል። ምዝገባው ገና ሳያልቅ፣ በማርች 2018፣ ቶይስ አር አስ የተባለው ታላቁ የመጫወቻ መደብር በአሜሪካ ያሉትን ሱቆቹን ሁሉ ለመዝጋት መቁረጡን አስታወቀ። ለትልልቅ ሣጥኖች ሰፊ መደርደሪያ የነበረው መደብር ሲፈርስ፣ መደርደሪያ የማያስፈልገው መርከብ ተወለደ ማለት ነው።

ሃስብሮ በ2020 «ማንዳሎሪያን» ውስጥ ያለችውን ሬዘር ክረስት የተባለች መርከብ በዚሁ ዘዴ በ350 ዶላር አቀረበ። የተፈለገው 6,000 ገዢ ሲሆን የተመዘገበው ከ28,000 በላይ ሆነ። ምዝገባው ካበቃ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መርከቧ በታሪኩ ውስጥ ተመትታ ወደመች፤ መጫወቻዋ ግን በ2021 ለገዢዎቹ ደረሰች። በታሪክ ውስጥ የጠፋ መርከብ አይፈለግም የሚለው ግምት ሁልጊዜ እንደማይሠራ ይህ ምስክር ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ዘዴ ሁልጊዜ አልሰመረም። በ2022 ጎስት ራይደር ለተባለው ጀግና መኪና 9,000 ገዢ ተጠይቆ ቁጥሩ ስላልሞላ መኪናው ሳይሠራ ቀርቷል። ስለዚህ ኩባንያ አንዳንድ ጊዜ «ገዢ የለውም» ሲል ትክክል ሊሆን እንደሚችል እናምናለን። ልዩነቱ እዚህ ላይ ገዢው መጠየቁ ነው። ተጠይቆ እንቢ ያለና ሳይጠየቅ እንቢ አለ የተባለ አንድ አይደሉም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ይህ አዲስ ዘዴ ችግሩን ፈታው ማለት ይቻላልን? ብዙ ሰብሳቢዎች አዎን ይላሉ። እኛ ግን በሙሉ ልብ አንስማማም።

በ1983 የስምንት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው በ2018 የ43 ዓመት ሰው ነው። 500 ዶላር ከፍሎ መርከቡን ያስመጣው ያ ሰው ነው። ይህ ሁለት ነገር ያስረዳናል። አንደኛ፣ ፍላጎቱ መጀመሪያውኑ እንደ ነበረ፣ በ35 ዓመትም እንዳልጠፋ ነው፤ ስለዚህ «ገዢ የለውም» የተባለው ቃል ቢያንስ ስለዚህ መርከብ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል። ሁለተኛ፣ መርከቡ የመጣው ልጁ ልጅ መሆኑን ካቆመ በኋላ ነው። ዛሬ በብዙ ቤት የመርከቡ ቦታ የልጅ ወለል ሳይሆን የሰብሳቢ መደርደሪያ ነው። ከነጋዴ መደርደሪያ ያመለጠው መርከብ ሌላ መደርደሪያ ላይ ወጣ።

በ1977 ኬነር ለልጅ የሸጠው የቃል ኪዳን ወረቀትና በ2018 ሃስብሮ ለጎልማሳ ያቀረበው ምዝገባ በመልካቸው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ገና ያልተሠራን ዕቃ አስቀድሞ መሸጥ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ጊዜ ዕቃው እንደሚሠራ ቃል የገባው ኩባንያው ነበረ። በሁለተኛው ጊዜ ቃል የሚገባው ገዢው ነው፤ ቁጥሩ ካልሞላ ጥፋቱ የእርሱ ሆኖ ይቈጠራል። ሥጋቱ ከፋብሪካው ትከሻ ወርዶ በገዢው ትከሻ ላይ ተጫነ። በዚህ ሚዛን ላይ የሚቆም የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ የለም።

ከአገራችን አንባቢዎች አንዱ «ልጅ ያጣውን ራሱ ይሠራል፤ የእኛ ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ይሠሩ የለም ወይ?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ልጅ ከካርቶን መርከብ መሥራቱም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የሽቦ መኪና የሚሠራው ልጅ ከማንም ጋር ውል አልገባም። የአሜሪካው ልጅ ግን ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ በገንዘቡ ገዝቷል። ተሳፋሪ የሸጠ መርከብ የማቅረብ ግዴታ፣ በሕግ ባይሆን በኅሊና፣ አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኛ በኩል ሁለት ነገር እናቀርባለን። የመጀመሪያው፣ ኬነር ፋልከንን እንዳሳነሳት ሁሉ ሌላውንም ትልቅ መጓጓዣ በድፍረት ማሳነስና በልጅ ዋጋ ማቅረብ ነው፤ ልጅ ልኩን በሜትር አይመረምርም፤ የሚመረምረው ሰብሳቢው ነው። ሁለተኛው፣ ትልልቆቹን መጓጓዣዎች እንደ መጻሕፍት በውሰት ማዳረስ ነው። በሎስ አንጀለስ አውራጃ ከ1935 ጀምሮ ልጆች መጫወቻ እንደ መጽሐፍ የሚዋሱበት ድርጅት ተቋቁሟል። አንድ ቤት የማይችለውን መርከብ አንድ ሠፈር ሊችለው ይችላል።

የብረቱን ወጪና የጊዜውን ማጠር አንክድም። የምንነቅፈው የመደርደሪያው ፍርድ የልጁ ፍርድ መስሎ መቅረቡን ነው። አንድ ኩባንያ «ይህን መርከብ መሥራት አያዋጣኝም» ቢል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማንም አይከሰውም። «ልጆች አልፈለጉትም» ካለ ግን ልጆቹን ጠይቆ እንደ ሆነ ልንጠይቀው ይገባል።